ቆመው የሞቱት ሣር በሎች

ውድ ምራቴ፣

«ውድ» የምትለውን ቃል ከአፌ ሰምተሽ ስለማታውቂ መጀመሪያ ላይ ደብዳቤው የሌላ ሰው ይመስልሽ ይሆናል። የእኔ ነው። ደብዳቤ በዚህ ቃል እንደሚጀመር አውቃለሁ፤ ደግሞም ውሸት አይደለም። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። በስልክ ግን እኔ እጮሃለሁ፣ አንቺ «እሺ አባባ፣ እሺ አባባ» እያልሽ ታባብዪኛለሽ፣ ከዚያ መስመሩ ይቆረጥና ነገሩ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ወረቀት አይባበልም። የኮምፒውተር ጨዋታችንን የምታሳዪበትን ኤግዚቢሽን ለማየት እህትሽ ወደ አንቺ ስለምትመጣ እሷ ታደርስልሻለች። እንዳታነበው አስጠንቅቄአታለሁ፤ እንደምታነበውም አውቃለሁ።

የምነግርሽ ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፣ በጨዋታው ፓርካችን ውስጥ ያሉት ሣር በሎች እያለቁ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሁለተኛው፣ የጥርስ ሐኪሙ እንድታገቢው ጠይቆሽ የሰጠሽውን መልስ ሰምቻለሁ። ምክንያትሽንም ሰምቻለሁ፤ አልተቀበልኩትም። አሁን ወደ ሁለተኛው ዘለሽ እንዳትሄጂ። ከምሳ በፊት ፍራፍሬውን የምትጨርሺ ሰው መሆንሽን አውቃለሁ፤ ይህን ግን በተራው አንብቢው። ያለ አንደኛው ሁለተኛው አይገባሽም። እኔም የገባኝ በዚያው ቅደም ተከተል ነው።

ልጄ፣ ማለትም ባልሽ፣ የዳይኖሰር ፓርክ ጨዋታውን ከአንቺ ጋር ሲጀምር ምን እንዳልኩ ታስታውሻለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ የስፌት መኪና ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በእጅ የማይጨበጥ ነገር ሥራ አይመስለኝም። እናንተ በጓሮው ክፍል በራችሁን ዘግታችሁ ማንም በዓይኑ ያላያቸውን አውሬዎች ስክሪን ላይ ስታረቡ፣ ሁለት ጤነኛ ሰው እንዴት እንሽላሊት ሲያሳድግ ይውላል ብዬ ተቆጣሁ። እሱ ሳቀ። አንቺ ግን ወንበር ስበሽ አስቀመጥሽኝና አሳየሽኝ። ለተጫዋቹ ባዶ መሬት ይሰጠዋል፤ አጥር ያጥራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ ሥጋ በሉን በአንድ በኩል፣ ሣር በሉን በሌላ በኩል ያኖራል፣ ጎብኚ ያስገባል። ዝናብ ሲበረታ ወይም መብራት ሲጠፋ አጥሩ ይሰበርና ሥጋ በሉ ይወጣል። ከሥጋ በሎቹ ሁሉ ትልቁን «አከራዩ» ብላችሁታል፤ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሲመጣም ሁሉም የሚደበቀው ስለሆነ። እኔን ማለታችሁ እንደሆነ ጠየቅኩ። ቤቱ የእኔ ስለሆነ መጠየቄ ተገቢ ነበር። ከመጋባታችሁ በፊት የተከራየሽበትን ቤት ባለቤት ነው ብለሽ ማልሽልኝ። እስከ ዛሬ የማምንሽ በከፊል ነው።

ጨዋታው በኢንተርኔት ተሸጠ። ብዙ ባይሆንም የማናውቃቸው ሰዎች በማናውቃቸው ከተሞች ተጫወቱት፤ እየጻፉም ይነቅፉ ነበር። ነቀፋቸው አንድ ነው፤ ሣር በሎቹ ራሳቸውን መከላከል አይችሉም፣ አከራዩ ሲመጣ ዝም ብለው ይበላሉ። ልጄም በሚቀጥለው እትም ይህን አሻሽላለሁ ብሎ ቃል ገባላቸው። ከዚያ ልቡ ቆመ። እዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ያን ቀን አንቺም እኔም እናውቀዋለን።

ከቀብሩ በኋላ ዘመዶችሽ ወደ እናትሽ ቤት ሊመልሱሽ ሻንጣሽን አዘጋጅተው በር ላይ አቆሙት። አንቺ «ትንሽ ልቆይ» አልሽ። እኔ ቂም የያዝኩ ሰው እመስል ነበር እንጂ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሻንጣውን አንስቼ ወደ ክፍልሽ የመለስኩት ግን እኔ ነኝ። ሁልጊዜ እህትሽ ያደረገችው ይመስልሽ ነበር።

የጓሮው ክፍል ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በግድግዳው በኩል የኮምፒውተሩን ቁልፎች መንኳኳት መስማት ለምጄ ስለነበር ዝምታው ይበልጥ ይረብሸኝ ጀመር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ድምፁን ሰማሁ። መጀመሪያ እሱ መሰለኝ። እሱ እንዳልሆነ እያወቅኩም ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፤ ምሳ እንድትበዪ ልጠራሽ ነው ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁና ገባሁ። ስክሪኑ ላይ አከራዩ አንዱን ባለ ሦስት ቀንድ አጋድሞ ይበላዋል። ከእሱ አንድ እርምጃ ራቅ ብለው የቀሩት ባለ ሦስት ቀንዶች አንገታቸውን ደፍተው ሣር ይግጣሉ።

ደሜ ፈላ። «ይሄ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ጎረቤቱ እየተበላ ምሳውን የሚበላ?»

«እንዲያዩ ማንም አልነገራቸውም፣ አባባ» አልሽኝ።

«ንገሪያቸዋ ታዲያ።»

ሳቅሽ። ልጄ ካረፈ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። እኔ መቀለዴ አልነበረም፤ ግን ሳቅሽን ስሰማ የቀለድኩ መስዬ ቆምኩ። በማግስቱ ወንበሬን ከፊት ለፊቱ የጥገና ክፍል አንሥቼ ከወንበርሽ አጠገብ አኖርኩት። ለመርዳት ነው ብዬሽ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ድምፁን ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ለመስማት ነው።

እኔን ማስተማር እንደ ድንጋይ መፈልፈል እንደነበር አልክድም። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም፤ ማንበብን የተማርኩት ከስፌት መኪና መመሪያ ነው፤ ስለዚህ ሰው በሚያስረዳኝ ጊዜ ሥዕሉን ካላየሁ ሞተሩ አይነሣልኝም። አንቺም ይህ ገብቶሽ በወረቀት ላይ እየሣልሽ አሳየሽኝ። እያንዳንዱ አውሬ ምን ያህል ርቀት እንደሚያይ፣ ምን ያህል እንደሚፈራ፣ ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ፣ ሁሉም በሕግ በሕግ የተጻፈ እንደሆነ። እኔ ደግሞ ፍርሃቱ እንደ ስፌት መኪና ክር ነው አልኩሽ፤ ከላላ አይሰፋም፣ ከከረረ ይበጠሳል። «ጎሽ፣ እንግዲያው እናስተካክለው» ብለሽ ማስተካከያውን በሣልሽው ላይ እንደ መኪና እጀታ አድርገሽ አስገባሽልኝ። ለእኔ ብለሽ እንጂ ለአንቺ እንደማያስፈልግሽ አውቄ ነበር።

ከዚያ ተሳስቼ አሳሳትኩሽ። ቀንድ ያለው ሁሉ መዋጋት አለበት ብዬ ድርቅ አልኩ። «ሁሉም?» አልሽ። ሁሉም አልኩ። ጻፍሽው። አከራዩ ሲወጣ ባለ ሦስት ቀንዶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነቃንቀው ሮጡ፤ ከፊሎቹ እሱን ስተው አልፈው አጥሩን በረገዱ፣ አንዱም የጎብኚዎቹን ሽንት ቤት በቀንዱ ላይ ይዞ ኩሬ ውስጥ ገባ። አከራዩ የቀሩትን አንድ በአንድ እየለቀመ በላ። አንቺ በሳቅ ከወንበርሽ ወደቅሽ። እኔ ፊቴን አጨፍግጌ ሽንት ቤቱ ቦታው ትክክል አልነበረም አልኩሽ። አሁንም ትክክል አልነበረም።

ክቡን ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ያንን ማንም እንዲወስድብሽ አልፈልግም፣ እኔም ጭምር። አንዱ ሲፈራ እንዲጮህ አደረግሽ፤ ጩኸቱን የሰማ ወደ ጮኸው እንዲቀርብ አደረግሽ፤ ከዚያ ትልልቆቹ ቀንዳቸውን ወደ ውጭ አዙረው ዙሪያውን እንዲቆሙ፣ ግልገሎቹ መሐል እንዲገቡ። ቆዳው እንደ ድንጋይ፣ ጭራው እንደ መዶሻ የሆነው ያ ሣር በል እንኳ ጀርባውን ሰጥቶ ከክቡ ጋር እንዲሰለፍ። መጀመሪያ ሲሠራ ታስታውሻለሽ? ውጭ እውነተኛ ዝናብ የጣራውን ቆርቆሮ ይደበድብ ነበር፤ በስክሪኑም ዝናብ ነበር። አከራዩ ወጣ። አንዷ ጮኸች። ሁሉም መጡ። አከራዩ ዞራቸው፣ ቆመ፣ እንደገና ዞራቸው፤ መግቢያ ሲያጣ አንገቱን ደፍቶ ተመልሶ ወደ ጫካው ገባ። ወደ አንቺ ዘወር ስል እንባሽ በጉንጭሽ ይወርዳል። እኔ ማንቆርቆሪያው ፈላ መሰለኝ ብዬ ወጣሁ። ማንቆርቆሪያው አልተጣደም ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ መጣሁ።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የእናቶቹን ሕግ ልትጽፊ ተቀመጥሽ። እኔም ከጎንሽ ተቀመጥኩ። የምናገረውን ቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር።

«እናት ልጇን ጥላ አትሄድም» አልኩ። «ይሄን ጻፊ።»

«እስከ መቼ፣ አባባ?»

«እስከ መቼ ማለት ምን ማለት ነው?»

ጣቶችሽን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሽ። «አደጋው ካለፈ በኋላ ማለቴ ነው። ወይም ደግሞ ግልገሉ ከሌለ በኋላ። ማብቂያውን ካልነገርኩት ኮምፒውተሩ በራሱ ማቆም አያውቅም።»

«እናትም ማቆም አታውቅም።»

«አባባ…»

ጠረጴዛውን መታሁ። ብርጭቆው ተገልብጦ ሻዩ ፈሰሰ። መንጋውም እሷን ጥሎ አይሄድም፣ ይሄንንም ጻፊ፣ ማብቂያ የሚባል ነገር በዚህ ቤት አልሰማም አልኩሽ። ሻዩን በጨርቅ ጠረግሽ፤ ቀና ብለሽም አላየሽኝ። ከዚያ እንዳልኩሽ ጻፍሽው። በዚያች ሰዓት ስለ አውሬ ብቻ እየተነጋገርን እንዳልነበር ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እኔ ረታሁ ብዬ ወጣሁ።

አዲሱ እትም ሲወጣ የጻፉልንን ታስታውሻለሽ። ሣር በሎቹ አሁን ልብ አላቸው ያለው ሰው ነበር። ክቡን ሲያይ ከሚስቱ ጋር ቆሞ እንዳጨበጨበ የጻፈም ነበር። ኤግዚቢሽኑም የጠራሽ በዚያ ምክንያት ነው። ስትሄጂ ፓርካችንን ለእኔ አደራ ሰጥተሽ፣ ሰዎች የሚጽፉትንም ኮምፒውተሩ እየተረጎመልኝ እንዳነብ አሳይተሽኝ ሄድሽ።

ቆይቶ ሌላ ዓይነት መልእክት መምጣት ጀመረ። መንጋዬ ሞቶ አገኘሁት፣ ቁስል የለበትም፣ ሥጋ በሉም በአጥሩ ውስጥ ነው ይላሉ። ሦስት አራት ሰው እንዲህ ሲል አላመንኩም። አያያዛችሁ ጉድለት አለበት፣ አጥራችሁን ፈትሹ፣ ሣሩንም አትርፋችሁ ስጡ ብዬ መለስኩላቸው። የመለስኩት በአንቺ ስም ነው። ለዚያ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሁለቱ ተቆጥተዋል፣ አንዱ ግን አመስግኖኛል።

ከዚያ በራሴ ፓርክ አየሁት።

መብራት ጠፍቶ አጥሩ ተበረገደና አከራዩ ወጣ። መንጋው ክብ ሠራ፣ እንደ ተጻፈለት። አንዱ ግልገል ግን ኩሬው ዳር ሄዶ ስለነበር ሳይደርስ ቀረ። አከራዩ ወሰደው። እናቲቱ ሮጣ ደረሰች፤ አከራዩ ግን ግልገሉን ይዞ ሄዷል። እዚያው ግልገሉ የነበረበት ቦታ ላይ ቀንዷን ወደ ውጭ አዙራ ቆመች። መንጋው ተከትሏት መጣና በእሷ ዙሪያ ክብ ሠራ። መሐሉ ላይ ምንም የለም። ሣር ብቻ።

አጥሩን ጠገንኩ፤ አከራዩን መልሼ ዘጋሁበት። እነሱ አልተነቃነቁም። ወደ ውሃው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሄዱም። በማውዙ እየጎተትኩ ገንዳውን አፋቸው ድረስ አቀረብኩላቸው፤ አልነኩትም፤ ጥበቃ ላይ ያለ አይበላም አይጠጣም ብዬ ያስጻፍኩሽ እኔው ነኝ። ኩሬ እግራቸው ሥር ቆፈርኩ፤ ውሃው ጉልበታቸውን እየነካ አልጠጡም። ሰደብኳቸው። ስሚ፣ የማይሰማ ስክሪን ላይ ቆሜ፣ ሂጂ ውሃ ጠጪ አንቺ ድንጋይ፣ አልቋል እኮ፣ የምትጠብቂው የለም እኮ እያልኩ ጮህኩ። ከዚያ ራሴን ሰማሁ። አንድ በአንድ ወደቁ። የወደቁትም ፊታቸውን ወደ ውጭ እንዳዞሩ ነው። እናቲቱ የመጨረሻዋ ነበረች። አንዳቸውንም ጥርስ አልነካቸውም።

ይህን ያህል ከጻፍኩልሽ አሁን ጥርስ ወደሚነካው ሰው እንሂድ።

የቀኝ መንጋጋዬ እንደሚያመኝ ነግሬሽ ነበር፤ ካንቺ በቀር ማንንም አልሰማም ስላልኩ ሐኪሙ ዘንድ እንድሄድ አስምለሽኝ ሄድሽ። ሄድኩ። ክሊኒኩ መንገዱ ማዶ እንደመሆኑ ሰውየውን በሩቁ አውቀው ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የክሊኒኩን መስተዋት ራሱ የሚጠርግ ሰው ነው፤ ለዚያ ብቻ አክብሬው ነበር። ወንበሩ ላይ አንጋሎ በደረቴ ላይ ጨርቅ አሰረልኝ፣ አፌን ከፍቶ ጥጡን፣ መስተዋቱን፣ ያን የሚያፏጨውን ቱቦ ሁሉ አስገባበት። መናገር እንደማልችል ካረጋገጠ በኋላ መናገር ጀመረ። ፈሪ መሆኑን ወይም ብልህ መሆኑን እስካሁን አልወሰንኩም።

«ጋሼ፣ ከሌላ ሰው ቢሰሙት ስለማልወድ ነው» አለኝ። «ምራትዎን እንድታገባኝ ጠይቄአት ነበር። እምቢ አለችኝ። ሁለተኛ አልጠይቃትም፤ ስለዚህ እንዳይጨነቁ።»

ብዙ ነገር ማለት ፈለግኩ። የወጣኝ «አአአ» ብቻ ነው። እሱም ያመመኝ መስሎት ይቅርታ ጠየቀና ቱቦውን አስተካከለ። ከዚያ አጎንብሶ እየሠራ፣ ፊቴን ሳያይ፣ ለምን እምቢ እንዳልሽ ነገረኝ። ጠላሁህ አላልሽውም። አልፈልግህም አላልሽውም። «አባባን ጥዬ አልሄድም» አልሽው። እስከ መቼ ብሎ ሲጠይቅሽ ዝም እንዳልሽ ነገረኝ።

ሥራውን ሲጨርስ አመሰግናለሁ ሳልል፣ ሳልጉመጠመጥ ተነሥቼ ወጣሁ። መንገዱን ተሻገርኩ፤ ጋዜጣ ሻጩ ሰላም ሲለኝ አልመለስኩም፤ ያበጠ ጉንጬን ይዤ ሰፈሩን ሁሉ ዞርኩ። ቤት ስገባ መስተዋት ውስጥ ሳይ ያ የሐኪሙ ጨርቅ እንደ ሕፃን ልጅ ለሃጭ መጥረጊያ በአንገቴ ላይ እንደታሰረ ነው። ሰው ሁሉ አይቶኛል። አንድም ደፍሮ የነገረኝ የለም። ዕድሜ ልኬን ሰውን ሳስፈራራ ኖሬ ያተረፍኩት ይህን ነው።

በጥገና ክፍሌ ቁጭ አልኩ። የነገር ማመሳሰል አልወድም፤ አውሬ አውሬ ነው፣ ሰው ሰው ነው። ቢሆንም ዓይን ያየውን አላየሁም ማለት አልችልም። ስልክ ሲደወልልሽ ግቢ ወጥተሽ እንደምታነሺ አውቅ ነበር። እህትሽ ከእሷ ጋር ለጥቂት ጊዜ እንድትቆዪ ስትለምንሽ «አባባ መድኃኒቱን ይረሳል» ትያታለሽ፤ መድኃኒቴን ረስቼ አላውቅም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። አዲስ ልብስ ገዝተሽ ሳትለብሺው ቁም ሣጥን ውስጥ እንደሰቀልሽው አውቅ ነበር። ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም ያልኩት ስላልገባኝ አይደለም። ደስ ብሎኝ ነው። ማታ ማታ የበርሽ ስንጥቅ ብርሃን ሲያሳየኝ በዚህ ቤት አሁንም የልጄ ነገር አለ እል ነበር። አንቺን እንደ ሴት ልጄ ሳይሆን እንደ ሟቹ ልጄ ቦታ አድርጌ አቆምኩሽ። ይህን መጻፍ ከባድ ነው፤ ሆኖም ሌላ ሰው ሊጽፍልኝ አይችልም።

ስለዚህ ስሚኝ። ያ ሕግ ማብቂያ ያስፈልገዋል። አንቺ ትክክል ነበርሽ፤ እኔ ተሳስቼ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለተኛ ከእጄ ስለማታገኚው ደግመሽ አንብቢው።

ማብቂያው እንዴት እንደሚሆን ግን እኔ እነግርሻለሁ፣ በዚህ አልለዝብም። እናቲቱ ትቁም። የምትቆመውን ያህል ትቁም፤ ከመቅጽበት ዞራ ሣር የምትግጥ ከሆነ ወደ ድሮው ነውራችን ተመለስን። መንጋውም አብሯት ይቁም። ከዚያ አንደኛው ወደ ውሃው ይራመድ፤ እሷ ብትሆን ይሻላል፤ እሷ ስትራመድ ሌሎቹ ይከተሏት። ወደፊት ደግሞ በዚያ ቦታ በኩል ስታልፍ ቀስ ትበል። ሌሎቹ ለምን ቀስ እንዳለች ባይገባቸውም ቀስ ይበሉ። ተጫዋቾቹም አይገባቸውም ይሆናል፤ ስህተት አለበት ብለው ይጻፉልሽ። አታስተካክዪው። እኔ ራሴ እመልስላቸዋለሁ፤ በስሜ።

አሁን ሁለተኛው። አባባን ጥዬ አልሄድም ያልሽውን ማን ጠየቀሽ? እኔ ግልገል አይደለሁም። ገንፎ መሥራት እችላለሁ፤ ቢያርም የሚበላው እኔ ነኝ። ልብሴን አጥባለሁ፤ አዝራሬን ደግሞ በዚህ ከተማ ከእኔ የተሻለ የሚተክል ካለ አምጪው። አርጅቻለሁ፤ ይህን አልክድም፤ አንድ ቀን መውደቄ አይቀርም፤ ስወድቅ ትመጫለሽ። ለመምጣት ግን መጀመሪያ መሄድ ያስፈልጋል። ዙሪያዬን ቆመሽ ስትደርቂ እያየሁ የምሞት ከሆነ፣ እመኚኝ፣ ልጄ ዘንድ ስደርስ ምን ብዬ እንደማየው አላውቅም።

እንደ ምክንያት የምታቀርቢውንም አውቃለሁ፤ ሥራው ትያለሽ። የጓሮው ክፍል የት ይሄዳል? ጠዋት መጥተሽ ትሠሪያለሽ፣ ማታ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። ሌላውም ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መንገዱን መሻገር ብቻ ነው፤ እኔ እንኳ የሐኪም ጨርቅ አንገቴ ላይ አስሬ ተሻግሬዋለሁ።

ጨርቁን ልመልስ ትናንት ክሊኒኩ ሄጄ ነበር። አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ጠርዙ ተተርትሮ ስለነበር ዘምዝሜ። ሰውየው ሲያየኝ ቀላ። እንደገና ጠይቃት አልኩት። አልጠይቃትም፣ ለእሷም ለእርስዎም ቃል ሰጥቻለሁ አለኝ። እኔ ከቃልህ ፈትቼሃለሁ አልኩት። «እሷ አልፈታችኝም፣ ጋሼ» አለኝ። ጮህኩበት፤ የሚጠብቁት ታካሚዎች ሁሉ ተነሥተው ቆሙ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። እንዲህ ያለ ግትር ሰው ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም። በጣም ወደድኩት። ስለዚህ የሚጠይቀው እሱ አይደለም፤ አንቺ ነሽ። የማትወጂው ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ስለ እሱ እምቢ በይ፣ በእኔ አታሳብቢ። የምትወጂው ከሆነ ግን ከኤግዚቢሽኑ ስትመለሺ ሻንጣሽን እዚህ ከማሳረፍሽ በፊት በክሊኒኩ በር በኩል እለፊ።

እህትሽ በር ላይ ቆማ ታክሲው ይሄዳል እያለች ትጮህብኛለች፤ መጮህ የለመደችው ከእኔው ነው። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ እዘጋለሁ። ዛሬ ጠዋት የልጁን ሚስት ያገባ ሰው ለአባትየው ምን ይባላል ብዬ ሳስብ ነበር። ጎረቤቴን ጠየቅኩ፤ ምንም አይባልም፣ ባዳ ነው አለኝ። ከጎረቤቱ ጋር ተጣልተናል። እኔ ዘንድ መልሱ ግልጽ ነው። የልጄ ባል ነው፤ አማቼ ነው። ሰው ሲጠይቅሽ እንደዚያው በይ፤ ያልተቀበለ ካለ ወደ እኔ ላኪው።

አባትሽ